ክብ ሕንፃ ለምን አልገጥምም ይላል? ከዘጌ የተመለሰ ሰርቬየር ማስታወሻ

ሌዘር ስካነር፣ ማለትም ሕንፃን በሌዘር ብርሃን የሚለካው መሣሪያ፣ የት እንደቆመ አያውቅም። ትራይፖዱ ላይ ጭናችሁ ቁልፉን ስትነኩት ዙሪያውን ይዞራል፤ በየሰከንዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይለካል፤ የለካውንም ሁሉ ራሱን መካከል አድርጎ ይመዘግባል። እሱ ያለበት ቦታ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው። አንሥታችሁ አምስት ሜትር ፈቀቅ ብታደርጉት አሁንም ዜሮ ላይ ነው፤ የቅድሙን ረስቶታል። በአንድ ሰፊ ሕንፃ ውስጥ 40 ጊዜ ብታቆሙት 40 ቁራጭ ሕንፃ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እያንዳንዱ ለብቻው ትክክል ነው፤ አንዱ ግን ሌላውን አያውቀውም። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ከቦታ ቦታ ሲሸከሟቸው በካሜራ መንገዳቸውን ይከታተላሉ፤ እሱም ቢሆን ጥሩ ግምት ነው እንጂ ልኬት አይደለም።

እነዚህን ቁርጥራጮች ሰብስቦ አንድ ሕንፃ ማድረግ በእኛ ሙያ ሪጅስትሬሽን ይባላል። የመስኩን ሥራ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ መሣሪያው ሲዞር ልጆች ይከቡታል፣ ደንበኛው ፎቶ ያነሣል። ሪጅስትሬሽኑ ግን ቢሮ ተዘግቶ፣ ላፕቶፑ እየጋለ፣ መብራት እንዳይሄድ እየተሳልን የምንሠራው ነው። ደንበኛ ስለማያየው የሚከፍልበትም አይመስለውም። እኔ ግን የስካን ሥራ ደጉና ክፉው የሚለየው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ርቀት መለካቱማ ከእንግዲህ ችግር አይደለም። ስካነሩ የሚለካው ብርሃን ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። ብርሃን በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይጓዛል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት ሄዶ ለመመለስ 6.7 ፒኮ ሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ገደማ ነው፤ ይህን ያህል ረቂቅ ነገር የሚለይ መሣሪያ ዛሬ በአንድ እጅ ተይዞ ጀልባ ላይ ይወጣል። ሰው የሚያስጨንቀው የተለካውን ከተለካው ጋር ማስማማቱ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የዘጌ ሥራ ነው። አካባቢውን ለማታውቁ፣ ዘጌ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስድ፣ ወደ ጣና የገባ፣ በቡና ጫካ የተሸፈነ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ምክንያት እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው ይባላል፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆመውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ ያሉት እዚያ ነው። እኛ የሠራንበትን ስም አልጠራም፤ የሕንፃው ዝርዝር የገዳሙ ንብረት ነውና።

የጣና ዙሪያ አብያተ ክርስቲያናትን አሠራር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ውጭው ክብ ነው። በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ አለ፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ አራት ማዕዘን መቅደስ። ካህናቱ የሚያሸበሽቡበት ቅኔ ማኅሌት በውጭው ቀለበት፣ ቅድስቱ ከእሱ ወዲያ፣ ታቦቱ ያለበት መቅደስ ከሁሉ መካከል። ታዋቂዎቹ ሥዕሎች ያሉት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ሥዕሎቹ ግን ግድግዳው ላይ በቀጥታ አልተሣሉም፤ የተሣሉት በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን ጨርቁ ጭድ በገባበት ጭቃ በተመረገው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እርጥበት ሲገባ፣ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ጨርቁ ከጭቃው ይላቀቅና ይቆዘራል። የተጠየቅነው እንግዲህ ይህን ነበር፤ የተቆዘረው የት የት ነው? ምን ያህል? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ተለክቶ ጨምሮ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል ወይ?

ቁጥሩ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጨርቁ የተቆዘረው አንድ ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የስካኖቻችሁ መጋጠሚያም አንድ ሴንቲ ሜትር ከሳተ፣ ያያችሁት ጨርቁን ይሁን የራሳችሁን ስህተት አታውቁም። ለቤት ሽያጭ የሚሆን ፕላን ለማውጣት አንድ ሴንቲ ሜትር ማንም አይጠይቃችሁም። እዚህ ግን ሥራው ራሱ እሱ ነው።

ሁለት ስካን ለማገጣጠም ስድስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሦስቱ የመንሸራተት፣ ሦስቱ የመሽከርከር። መሣሪያው በራሱ ውኃ ልኩን የሚጠብቅ ከሆነ ሁለቱ መዘንበሎች ይወድቁና አራት ይቀራሉ። ጥንታዊው መንገድ ታርጌት ነው፤ ሁለቱም ስካኖች የሚያዩአቸው የታወቁ ምልክቶች። ሦስት ታርጌት ስድስቱንም ይፈታል፣ ውኃ ልክ ካለ ሁለትም ይበቃል፤ ሰርቬየር ግን ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ያስቀምጣል፣ ምክንያቱም ትርፉ ነው ሌሎቹን የሚመሰክርባቸው። ጥቁርና ነጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ በጥንታዊ ሥዕል ላይ ግን ፕላስተር ይዞ መጠጋት የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ነጭ ኳስ ተጠቀምን፤ ዲያሜትሩ 14.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ መካከሉ አንድ የሆነ።

ነጭ ኳስ በዘጌ ልጆች ፊት ማስቀመጥ ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። አባረርናቸው፣ ተመለሱ፤ ለመንናቸው፣ ጠበቁልን፤ በመጨረሻ አንዱን የቆሎ ተማሪ የኳሶቹ ሹም አድርገነው ከስካነሩ በላይ ንቁ ሆኖ ዋለ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በሁለት ስካኖች መካከል የተነቃነቀ ታርጌት ከሌለ ታርጌት ይብሳል፤ የሌለው ዝም ይላል፣ የተነቃነቀው ግን ይዋሻል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በኳሶቹ መካከል ያሉትን ርቀቶች በሁለቱም ስካን ውስጥ ለኩና አወዳድሩ። ከአንድ ኳስ የሚነሡት ርቀቶች ሁሉ ተቀይረው የሌሎቹ ካልተቀየሩ ያን ኳስ ጣሉት።

ወለሉ ሌላ ጣጣ ነው። ጫማ አውልቀን ምንጣፍ ላይ ነው የምንቆመው፤ ከምንጣፉ ሥር ሰሌን፣ ከሰሌኑ ሥር አፈር። የትራይፖዱ እግር እዚያ ላይ ሲያርፍ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ሰው በአጠገቡ ካለፈም ይነቀነቃል። ምንጣፉን በትሕትና ገለጥ አድርገን፣ ከእግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ እያስገባን፣ መሣሪያው እየዞረ ሳለ ከቦታችን ሳንንቀሳቀስ ነው የሠራነው። ሰዓቱንም የሚወስነው ቅዳሴ ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር ወዲህ በመሆኑ ጠዋቱ የእኛ ነው፤ በሌላው ቀን ተገላቢጦሽ። የፕሮጀክት መርሐ ግብር ስታወጡ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ማማከር ያዋጣል፤ እኔ ይህን በምንም የሰርቬይ ማኑዋል ውስጥ አላየሁትም።

ሁለተኛው መንገድ ያለ ታርጌት ማገጣጠም ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚሠራው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ፖል ቤስልና ኒል ማኬይ ባሳተሙት ዘዴ ላይ የቆመ ነው። አሠራሩ ቀጥተኛ ነው። ከአንዱ ስካን ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ ወስዶ በሌላው ስካን ላይ ቅርብ የሆነውን ይፈልግለታል፤ በጥንዶቹ መካከል ያለው ርቀት ባጠቃላይ እንዲያንስ ስካኑን ይገፋዋል፣ ያዞረዋል፤ እንደገና ቅርብ የሆነውን ይፈልጋል፤ እንደገና ይገፋል። ርቀቱ ከዚህ በላይ አልቀንስም ሲል ያቆምና አንድ ቁጥር ያቀርብላችኋል፤ «አማካይ ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር» ዓይነት። ደንበኛው ሪፖርቱ ላይ የሚያየውም፣ የሚወደውም ይህን ቁጥር ነው።

አሁን ይህን ዘዴ ክብ ቤት ውስጥ አስገቡት። ክብ ግድግዳ በራሱ ላይ ቢንሸራተት ያው ክብ ግድግዳ ነው። ስካኑን በግድግዳው ዙሪያ ግማሽ ዲግሪ ብታዞሩት ነጥቦቹ አሁንም ከግድግዳው ላይ አልወረዱም፤ ቅርብ ለቅርብ የሚፈልገው ሶፍትዌር የሚያስቆጣ ነገር አላየም። በ10 ሜትር ሬዲየስ ላይ ግማሽ ዲግሪ ማለት 8.7 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ አሥረኛ ዲግሪ እንኳ 1.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁሉ ነገር በዚያ ልክ ዞሮ ሪፖርቱ ያው 2 ሚሊ ሜትር ይላል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ግድግዳው ከግድግዳው ምን ያህል ራቀ የሚል ነበር፣ እሱንም በትክክል መለሰ። በየት በኩል ዞረ ብሎ የጠየቀው የለም።

የባሰው ደግሞ መካከሉ ነው። መቅደሱ አራት ማዕዘን ስለሆነ ማዞሩን ይቆልፍልናል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ በትንሽ በትንሹ መንሸራተትን በእርግጥ ይከለክላል። ነገር ግን አራቱ ጎኖቹ እኩል ናቸው፣ በሮቹም በየጎኑ መካከል ናቸው። 90 ዲግሪ ብታዞሩት ያው መቅደስ ነው። ሶፍትዌሩ በራሱ ፈልጎ እንዲያገጣጥም ሲተው የሰሜኑን ስካን አንሥቶ ምሥራቅ ላይ ይጭነዋል፣ ያውም በደስታ፤ መጋጠሚያው ጥሩ ነው፣ ሁለቱም ያዩት የጋራ ቦታ ሰፊ ነው፣ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። እኛ ዘንድ ጉዱን ያወጣው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ቀለሙን ስታበራው ነጩ ፈረስ ሌላ ሥዕል ላይ ተደርቦ፣ ግማሽ ፊት ከግማሽ ጎራዴ ጋር ተቀላቅሎ ታየ። ቅርጽ የማይለየውን ሥዕል ለየው። ከዚያ ወዲህ የክብ ሕንፃ መጋጠሚያን በቅርጽ ብቻ አናጸድቅም፤ ቀለም ወይም የሌዘሩ የመመለስ ብርታት መታየት አለበት።

ባልደረባዬን ካነሣሁ አይቀር፣ ከመካከላችን ሪጅስትሬሽን የሚሆንላት እሷ ናት፤ ዘጌ ላይ ሴት ስለምትገባ አብራን ሠርታለች። ክብራን ገብርኤል ቢሆን ኖሮ ከጀልባ መውረድ አትችልም ነበር፤ ደሴቱ ለሴት የተከለከለ ነው። ባላየችው ሕንፃ ላይ ስካን ማገጣጠም ደግሞ ምን ያህል እንደሚያዳግት እኔ ነኝ የማውቀው፤ መስክ ላይ የቆመ ሰው ዓይን ሶፍትዌሩ የማያውቀውን ብዙ ነገር ይዞ ይመለሳል።

አንዱን ምሳሌ ልንገራችሁ። በውጭው ቀለበት ያሉት ምሰሶዎች ሲታዩ እኩል የተተከሉ ይመስላሉ። የገዳሙ አንድ አባት ሥራችንን ቆመው ሲመለከቱ ነበር።

«ይፍቱኝ አባ» ብዬ ተጠጋሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታ፣ ልጄ። ይኼ የሚዞረው ምሰሶውንም ይቆጥረዋል?»

«ይቆጥረዋል አባ፤ ችግሩ ሁሉም አንድ ይመስሉታል።»

ሳቁ። «እንዴት አንድ ይሆናሉ! ያ ወዲያኛው ምስጥ በልቶት ተነቅሎ ሌላ የተተከለ ነው። ሲተክሉት ጉድጓዱ አልሰጥ ብሏቸው ወደዚህ ፈቀቅ አድርገውታል። ከእሱ ወዲህ ያለውም ጠማማ ነው፣ ከድሮም።»

ወደ መሣሪያው ተመልሼ ሳየው እውነታቸውን ነው፤ ያ ምሰሶ ከተራው በአንድ ክንድ ያህል ወጥቷል። ለእኛ ይህ ወርቅ ነበር። ዙሪያውን የሚያስረው እኩል የሆነው ነገር አይደለም፣ ያልሆነው ነው። የሚዞር ክብ ላይ አንድ ቦታውን የሳተ ምሰሶ ካለ ክቡ ከዚያ ወዲያ አይሸሽም። እጅ የሠራው ሕንፃ በዚህ በኩል ቸር ነው፤ ጠማማ ማገር፣ ያበጠ ምርጊት፣ ተጠግኖ ወፈር ያለ መቃን፣ ሁሉም ለመጋጠሚያ ያግዛሉ። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት ላሊበላን ስካን እንዳደረገ ታውቁ ይሆናል፤ በመሮ የተፈለፈለ ዐለት ሁለት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስለማይሆን እንዲህ ያለ መንሸራተት እንደማያስቸግር እገምታለሁ፣ ምንም እንኳ ጠባቡና ጥልቁ ግቢ የራሱ ፈተና ቢኖረውም።

ተቃራኒውን ማየት ከፈለጋችሁ እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ አዲስ መጋዘን ግቡ። ዓምዶቹ በየ6 ሜትሩ፣ ሁሉም ከአንድ ፎርም የወጡ፣ መስኮቶቹ አንድ ልክ። እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ ሶፍትዌሩ አንድ ስካን በአንድ ዓምድ አሳልፎ ያገጥምና ሕንፃው 6 ሜትር አጥሮ ይወጣል፤ መጋጠሚያው ግን እንከን የለውም፣ ዓምድ ከዓምድ ላይ ልክክ ብሏል። ይህን የሚይዘው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ሁለት ሰው የሚዘረጋው ባለ 50 ሜትር ቴፕ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ስገባ ሆን ብዬ ሥርዓቱን አበላሻለሁ፤ ሳጥን አንዱ ጥግ፣ ጣውላ ሌላው ዓምድ ላይ ተደግፎ። ሥራ ተቆጣጣሪዎች «ቆሻሻው ይነሣ» ሲሉ «እባካችሁ እስክንጨርስ ተዉት» የምንል ብቸኛ ባለሙያዎች ሳንሆን አንቀርም።

ወደ ዘጌ ልመለስ። ጥንድ ለጥንድ መጋጠሙ ካለቀ በኋላ ሰንሰለቱ ይመጣል። በየመጋጠሚያው 2 ሚሊ ሜትር ብትስቱና ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ቢያደላ፣ ከ10 መጋጠሚያ በኋላ 2 ሴንቲ ሜትር ናችሁ። ወዲህም ወዲያም ከሆነ አብዛኛው እርስ በርሱ ይጣፋና 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀራል። የትኛው እንደደረሰባችሁ ለማወቅ መንገዱ አንድ ነው፤ ዞራችሁ መነሻችሁ ላይ መዝጋት። ክብ ቤት እዚህ ላይ ይክሳል፤ ቀለበቱን ዙራችሁ ስትጨርሱ የመጨረሻው ስካን የመጀመሪያውን ያየዋል፣ የማዞሮቹ ድምርም 360 ዲግሪ መምጣት አለበት። 359.2 ከመጣ 0.8 ዲግሪ የሆነ ቦታ ተሰርቋል።

ይህን ጉድለት ምን ታደርጉታላችሁ? ሶፍትዌሩ አንድ ቁልፍ ያቀርባል፤ ጉድለቱን ለሁሉም መጋጠሚያ ያከፋፍለዋል። ከጀርባው ያለው ስሌት ከሌዘር በጣም ይቀድማል፤ አድሪየን ማሪ ሌዣንድር እ.ኤ.አ. በ1805 ያሳተመው፣ ጋውስም ከ1795 ጀምሮ ተጠቅሜበታለሁ ያለው የስህተት ካሬዎችን የማሳነስ ዘዴ ነው። ድንቅ ዘዴ ነው፤ ግን አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እንደሳቱ። 0.8 ዲግሪውን የሰረቀው አንድ መጋጠሚያ ብቻ ከሆነ፣ ማከፋፈል ማለት የአንዱን ዕዳ ንጹሓኑ እንዲከፍሉ መፍረድ ነው። ጥሩዎቹ ይጣመማሉ፣ መጥፎው በከፊል ይሸፈናል፣ አማካዩም ያምራል። ስለዚህ ከማከፋፈሉ በፊት መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እያነሣን እንሞክራለን፤ አንዱን ስናወጣው የሌሎቹ ጉድለት ድንገት ካነሰ ሌባው እሱ ነው። አሰልቺ ነው፣ ጊዜ ይበላል፣ ማሳጠሪያ ግን የለውም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሚገኘው ከቤት ውጭ ነው፤ ጫካው መካከል የቆመ ስካን አብዛኛው ነጥቡ የቡና ቅጠል ነው፣ ቅጠል ደግሞ ነፋስ ከጣና በነፈሰ ቁጥር ቦታውን ይቀይራል። ሶፍትዌሩ ሁለቱ ስካኖች ብዙ የጋራ ቦታ አላቸው ይላል፣ የጋራው ቅጠል ነው። ከማገጣጠማችሁ በፊት ዛፉን ቆርጣችሁ አውጡ፤ ከስካኑ ማለቴ ነው።

በሮቹም እንዲሁ ጠንቅ ናቸው። የውስጡ ስካን ከውጭው ጋር የሚገናኘው በበር ብቻ ነው። በበሩ የሚታየው ትንሽ ስለሆነ መዞሩን አይቆልፍም፤ አንድ ደቂቃ፣ ማለትም አንድ ስድሳኛ ዲግሪ፣ በ50 ሜትር ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ነው። መሣሪያውን ደፉ ላይ ማቆም ይረዳል፤ ከአንድ በር ወጥቶ በሌላው በር ተመልሶ መግባት ደግሞ የበለጠ ይረዳል። እኛን ያዳነን ግን ቶታል ስቴሽኑ፣ ማዕዘንና ርቀት ነጥብ በነጥብ የሚለካው ሌላው መሣሪያችን፣ ነው። በግቢው ዙሪያ ነጥብ ተክለን፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየለካን ዞረን መነሻችን ላይ ዘጋን፤ ከየበሩ ፊት ለፊት ሆነን ወደ ውስጥ ወደተቀመጡት ኳሶች ተኮስን። ስካኖቹ እርስ በርሳቸው ቢስማሙም ባይስማሙም ቶታል ስቴሽኑ ግድ የለውም፤ እሱ የራሱን ያያል። ከኳሶቹ ግማሹን ለማስተካከያ ተጠቀምንባቸው፤ የቀሩትን ለሶፍትዌሩ ሳናሳይ ደበቅናቸውና በመጨረሻ ፈተንበት። ሪፖርታችን ላይ በጉልህ የጻፍነው የተደበቁትን ልዩነት ነው። ከስካኖቹ የእርስ በርስ ስምምነት ይበልጣል፣ ለማየትም አያምርም። ስካን የምታሠሩ ድርጅቶች ካላችሁ እባካችሁ ይህን ጠይቁ፤ «ማስተካከያው ውስጥ ያልገባ የመፈተኛ ነጥብ ስንት አላችሁ?»

ስለ ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታን ስለሚገልጹት ቁጥሮች፣ ትንሽ ልበል፤ ለማይመለከታችሁ ዝለሉት። አንዳንዱ አሠሪ ሥራው በአገር አቀፉ ኮኦርዲኔት ይሁን ይላል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 1,280 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ የሰሜን ቁጥሩ በሜትር ሰባት አኃዝ ነው። ብዙ የነጥብ ፕሮግራም ደግሞ ወደ ሰባት አኃዝ ብቻ የሚይዝ ቁጥር ይጠቀማል፤ በዚያ ርቀት ላይ መለየት የሚችለው በየ12.5 ሴንቲ ሜትሩ ነው። በሚሊ ሜትር የለካችሁት ግድግዳ መሰላል ሆኖ ይታያል። መሣሪያው ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ፤ መነሻውን ወደ ሕንፃው አጠገብ አዛውሩት። በጂፒኤስ ያመጣችሁትን ነጥብ አዲንዳን በተባለው በቀድሞው የካርታ መነሻ ከተሠራ የቆየ ካርታ ጋር ሳትቀይሩ ካቀላቀላችሁ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ከ200 ሜትር በላይ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ዘጌ ላይ ይህ ማለት ጣና ውስጥ መግባት ሊሆን ይችላል። በአንድ ነገር ግን ባሕር ዳር ዕድለኛ ናት። የእኛ የካርታ ቀጣና፣ የዩቲኤም ዞን 37፣ መካከለኛ መሥመሩ 39 ዲግሪ ላይ ነው፤ የቦታውን ከፍታ ሳንቆጥር፣ እዚያ አጠገብ ያለችው ላሊበላ ላይ የካርታው ርቀት ከመሬቱ በየ100 ሜትሩ 4 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ባሕር ዳር ከመሥመሩ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ምዕራብ በመሆኗ ልዩነቱ በ100 ሜትር ወደ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ሳውቅ ያለ ምክንያት ኩራት ተሰማኝ።

እኚያው አባት ሥራው ሲያልቅ ለምን እንደሚጠቅም ጠየቁኝ። ስለ ኖትርዳም ነገርኳቸው። አንድሩ ታለን የተባለ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ምሁር ካቴድራሉን ከ50 በላይ ቦታ ላይ ቆሞ ስካን አድርጎት ነበር፤ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነጥብ። እሱ እ.ኤ.አ. በ2018 አረፈ፤ ሕንፃው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ተቃጠለ፤ ልኬቱ ግን ቆየ። አባ አዳመጡና ወደ መቅደሱ እያዩ «የእኛስ ውስጡ?» አሉ።

ውስጡ የለም። መቅደስ የሚገባው ቄስና ዲያቆን ነው፤ መሣሪያም አይገባም፣ እኛም አልጠየቅንም። በፕሮጀክቱ ላይ ከላይ ስታዩት መካከሉ ባዶ አራት ማዕዘን ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወፍር አናውቅም ማለት ነው። ከእኛ ቡድን አንዱ «የተለመደ ውፍረት እንስጠው፣ ሞዴሉ ሙሉ ይሁን» ብሎ ነበር። ተከራከርን። የእኔ አቋም ባዶው ባዶ ሆኖ ይቆይ፣ «አልተለካም» ተብሎም ይጻፍበት ነው። ነገ አንድ መሐንዲስ የጣራውን ሸክም ሲያሰላ የእኛን ግምት ልኬት ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ከነጥቦቹ አጠገብ ስለተቀመጠ ብቻ የነጥቦቹን ተአማኒነት ይዋሳል። አባም ስነግራቸው በዚህ ተስማሙ፤ ምክንያታቸው ግን ከእኔ ይለያል።

አሁን የቀረን ክርክር ስለ ሚስማር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚመጣው ሰው፣ እኛም እንሁን ሌላ፣ የዛሬውን ስካን ከያኔው ጋር ማገጣጠም አለበት። በሕንፃው ራሱ ቢያገጣጥመው ሕንፃው የተንቀሳቀሰውን ያህል ስሌቱ ይውጠዋል፤ ግድግዳው ዘንበል ካለ አዲሱን ስካን አብሮ ያዘነብለዋል፣ ምንም አልተቀየረም ይላል። ስለዚህ ከሕንፃው ውጭ፣ መሬት ውስጥ ጠልቀው በኮንክሪት የሚቀበሩ ቢያንስ አራት የብረት ምልክቶች ያስፈልጉናል፤ ሁለት ሁለቱ የሚተያዩ፣ የዛፍ ሥር የማያነሣቸው። የግቢው ዙሪያ ግን መቃብር ነው። የትኛው ጥግ ላይ መቃብር እንደሌለ የሚያውቁት አባቶች ናቸው፣ እነሱም ለጊዜው የተስማሙት በሁለቱ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ አንዱ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ። ለቀሩት ሁለቱ ከበዓለ ሃምሳ በኋላ ተመልሰን እንድንነጋገር ቀጠሮ ይዘናል።